ምሰሶ ሥር የሚያጎነብሰው ሰውዬ እኔ ነኝ

አሜሪካ ያላችሁ፣ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ውስጥ የመብራት ምሰሶው እግር ላይ አራት ማዕዘን የብረት ሽፋን አለ አይደል? ያ ሽፋን በእጅ ሲነሳ ወደ ላይ ከፍ ይላል። ስንት ዓመት ሲያትል ስኖር፣ እነዚያው ምሰሶዎች ሥር መኪና ሳቆም፣ ይህን አላውቅም ነበር። አንዳንዱን ከፍ ስታደርጉት ከሥሩ አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ ቁጭ ብላ ታገኛላችሁ። ውስጧ የተጠቀለለ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ የሰው ስምና ቀን ተደርድሯል። የራሳችሁን ትጽፋላችሁ፣ ብልቃጧን ትመልሳላችሁ፣ ሽፋኑን ታወርዳላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። በቃ።

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። ቤታችን ያስገባችው ልጄ ናት፤ የጓደኛዋ ልደት ላይ ተጫውተውት መጣች። እኔ ሾፌር ነኝ። ኤርፖርት አካባቢ ተራ ስጠብቅ የሚያልፈው ሰዓት ቀላል አይደለም። አፑን ስልኬ ላይ ጫነችልኝና ካርታውን ከፈተችው። አረንጓዴ ነጥብ በአረንጓዴ ነጥብ ሆነ። «አባ፣ ይሄ ሁሉ የተደበቀ ነው» አለችኝ። የተደበቀው ተሳፋሪ ሳወርድ በየቀኑ የማልፍበት መንገድ ዳር ነው!

ለማያውቅ ሰው ሳስረዳ ኩኩሉ ነው እላለሁ። ያው ልጅ ሆነን «ኩኩሉ» ሲባል «አልነጋም» እያልን የተጫወትነው ማለት ነው። እዚህ ግን የሚደበቀው ሳጥን ነው፤ ደባቂውም ምናልባት በዚያ ሰዓት ቤቱ ተኝቷል። አንድ ሰው ሳጥን ይደብቅና ያለበትን የጂፒኤስ ቁጥር ይለጥፋል። ሌላው ቁጥሩን ተከትሎ ይሄዳል። ስልኩ ጥቂት ሜትር ድረስ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የዓይንና የትዕግሥት ሥራ ነው። በዓለም ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ሳጥኖች አሉ። አንታርክቲካ ሳይቀር።

ታሪኩ አጭር ነው፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። እስከ ሜይ 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ሕዝብ በሚጠቀምበት የጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብሎ ስሕተት ይጨምር ነበር። በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትዕዛዝ ያ ማዛባት ሲቆም፣ መሣሪያው በአንድ ሌሊት አሥር እጥፍ ያህል ትክክለኛ ሆነ። በማግስቱ፣ ሜይ 3፣ ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ ቢቨርክሪክ አጠገብ ጫካ ገብቶ አንድ ባልዲ አስቀመጠ። ባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ሶፍትዌር፣ ወንጭፍና አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ነበር። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ለጠፈው። ከባልዲው የወሰደ በምትኩ ሌላ እንዲተው፣ መዝገቡ ላይም እንዲጽፍ ጠየቀ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ሰው አገኘው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ጄረሚ አይሪሽ የሚባል ሰው 75 ሳጥኖች የተዘረዘሩበት የጨዋታውን ድረ ገጽ ከፈተ። ድረ ገጹን የያዘው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ዛሬ እዚሁ ሲያትል፣ ፍሬሞንት ሰፈር ነው። ከመላው ዓለም የሚመጡ ተጫዋቾች እንደ ተሳላሚ ይጎበኙታል። የኡልመር ባልዲ በነበረበት ቦታ ደግሞ የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሟል። ከሲያትል በመኪና ሄዳችሁ በዚያው ቀን ትመለሳላችሁ። እኛም ሄደናል። ባለቤቴ ሰሌዳውን አይታ «ለዚህ ነው ምሳ ያሳለፍነው?» አለች።

ያ የባቄላ ቆርቆሮ ዛሬ ቢሆን አይፈቀድም። ምግብ ማስገባት ክልክል ነው፤ እንስሳት አሽትተው ሳጥኑን ይሰባብሩታል። እንዲህ ያለው ደንብ ብዙ ነው። አብዛኛውን ቆጥሮ የሚያስከብር የለም። ወረቀቱ ላይ ፈርማችሁ እንደሆነ የሚያጣራ ሳጥኑን የደበቀው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ደስ ካለው። ያም ሆኖ ሰዉ ይጠብቀዋል። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው መሰለኝ።

ዋናው ሳጥኑን ባገኛችሁበት ሁኔታ መመለስ ነው። «የተሻለ ቦታ አግኝቼለታለሁ» ማለት ነውር ነው። ድንጋይ ተደግፎበት ከነበረ ያው ድንጋይ ይመለሳል። ትልልቆቹ ሳጥኖች ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ አሮጌ የወታደር ጥይት ሳጥን ናቸው፣ ለልጆች ትንንሽ ዕቃ ይቀመጣል። የወሰደ ተመጣጣኙን ወይም የተሻለውን ያስቀምጣል። አንዳንድ ወላጅ ልጁ ጥሩ አሻንጉሊት ሲያነሳ በምትኩ የሱቅ ደረሰኝና የተሰበረ ክራዮን ወርውሮ ይሄዳል። አይቻለሁ። ልጄ በዚህ ስትናደድ ማየት ነበረባችሁ።

ከዚያ ያላገኛችሁትን አፑ ላይ «አላገኘሁም» ብላችሁ መመዝገብ አለ። ይሄን ብዙ ሰው ይሸሻል፤ መሸነፍ ይመስለዋል። ነገር ግን ባለቤቱ ሳጥኑ መጥፋቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ተከታትለው ብዙ ሰዎች ካላገኙት ሄዶ ያያል። ዝም ካላችሁ ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ዝናብ ላይ ለከንቱ ያጎነብሳል። የሲያትልን ዝናብ ታውቁታላችሁ።

ምስጋናም እዚያው ይጻፋል። «ስላስቀመጣችሁት እናመሰግናለን» ለሚለው በእንግሊዝኛ አራት ፊደል አሳጥረው ገልብጠው የሚለጥፉ አሉ። ለፓርኪንግ ምሰሶ ያ ይበቃል እንበል። ሰው ግን ሳምንታት ፈጅቶ እንጨት ጠርቦ፣ የወፍ ቤት አስመስሎ፣ ቁልፉን በእንቆቅልሽ ዘግቶ ለሠራው ሳጥን አራት ፊደል ስድብ ነው። ሁለት መስመር ጻፉለት። የሚያገኘው ክፍያ ያ ብቻ ነው። ቦታውን የሚያጋልጥ ነገር ግን እንዳትጽፉ።

ሌላው «ትራቭል በግ» (travel bug) የሚሉት ነው። ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ የብረት መለያ ነው፤ ከትንሽ ዕቃ ጋር ታስሮ ከሳጥን ወደ ሳጥን ይጓዛል። እኛ ትንሽ የጀበና ቁልፍ መያዣ ላይ አሠርነውና መድረሻው ኢትዮጵያ እንዲሆን ጻፍንለት። ኦሪገን ገባ፣ ካሊፎርኒያ ወረደ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ጀርመን ደረሰ። ልጄ በየጊዜው ካርታው ላይ ታየው ነበር። ከዚያ አንዱ ወሰደውና ጸጥ አለ። ደንቡ ካነሳችሁት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ሌላ ሳጥን አስገቡ ይላል። ጀበናችን የሆነ ሰው መሳቢያ ውስጥ ይሆናል። ሁለት ጊዜ በትሕትና ጻፍንለት። መልስ የለም። አንተ ሰውዬ፣ አማርኛ ባታነብም፣ ጀበናዋን ልቀቃት።

እንግዲህ ከደንቦቹ ሁሉ የማይዋጥልኝ አንድ ነው፦ ሳትታይ ፈልግ የሚለው። ጨዋታውን የማያውቀውን ሰው «ማግል» ይሉታል። ማግል እያየ አይፈለግም። ስልክ የሚያወራ መምሰል፣ የጫማ ክር የሚያስር መምሰል፣ እስኪያልፍ መጠበቅ። አንዳንዶቹ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሰው፣ ወረቀት መያዣ ሰሌዳ ይዘው የመብራት ኃይል ሠራተኛ ይመስላሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። የማያውቅ ሰው ካየ በኋላ ሄዶ ሳጥኑን ሊጥለው ይችላል። ብዙ ሳጥን የጠፋውም እንዲህ ነው።

ግን እኔ ጥቁር ሰው ነኝ። አመሻሽ ላይ የሰው አጥር ጥግ የጫማ ክር ሳስር ብቆይ የሚታየው ጨዋታ አይደለም። ከየመስኮቱ መጋረጃ ገለጥ ይላል። ነጭ ጓደኞቼ እየሳቁ የሚያወሩት የመደበቅ ታሪክ እኔ ጋ ሲደርስ አያስቅም። ተደብቆ የሚነካካ ሰው ደግሞ ለማንም ቢሆን ያስጠረጥራል። እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዝ አገር ዌዘርቢ በምትባል ከተማ፣ አንድ ሰው ካፌ አጠገብ ትንሽ ሳጥን ሲነካካ ታየና ፖሊስ ተጠራ። መንገድ ተዘጋ። የቦምብ አምካኝ ቡድን መጥቶ ሳጥኗን አፈነዳት። ውስጧ ያለው ያው ወረቀት ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን፣ ነጠላችንን እንደለበስን፣ መናፈሻ ገባን። ልጄ ቁጥቋጦ ሥር ገብታለች። እኔ ነጠላዬን በአንድ እጅ ሰብስቤ ቅርንጫፍ ይዤላታለሁ። የፖሊስ መኪና ቀስ ብሎ መጥቶ ቆመ። ሰውዬው መስኮት አውርዶ ምን እንደጠፋን ጠየቀ። እጄን ቅርንጫፉ ላይ እንደያዝኩ ተውኩት። አፌን ሳልከፍት ልጄ ከቁጥቋጦው ውስጥ «ጂኦካሽ ነው!» ብላ ጮኸች። ሳቀ። ወንድሙ እንደሚጫወት ነገረንና ሄደ። ሁሉም እንዲህ ያልፋል አልልም። ከዚያ ወዲህ ግን የራሴን ሥርዓት አወጣሁ። ሲመሽ አልፈልግም። ሰው ሲመጣ ቀና ብዬ ሰላም እላለሁ። ከጠየቀ እውነቱን እነግረዋለሁ፣ ስልኬንም አሳየዋለሁ። እስካሁን ሰላም ያልኩት ሰው ሳጥን ሲያጠፋ አላየሁም። ይልቅ ውሻ የሚያናፍሱ አዛውንቶች አብረው ጎንበስ ብለው ይፈልጋሉ፤ ሲያገኙ ከእኔ የባሰ ይጮኻሉ።

የራሴን ሳጥን ልደብቅ ስነሣ በዚህ መንገድ ላድርገው አልኩ። መደበቅ ከመፈለግ የከበደ ነው። የቦታው ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። መሬት መቆፈር አይቻልም። ከሌላ ሳጥን 161 ሜትር መራቅ አለበት። ሩቅ አገር ሄዶ ደብቆ መምጣትም የለም፤ በየጊዜው ሄዳችሁ የምታዩት መሆን አለበት። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ለዕረፍት ስሄድ አልደብቅም የምለው። በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚ ሁሉን አይቶ ነው የሚያጸድቀው። መጀመሪያ ያሰብኩት ቦታ ተመለሰብኝ። ካርታ ላይ ባዶ ነበር፤ ለካ የአንድ እንቆቅልሽ ሳጥን እውነተኛ ቦታ እዚያው አጠገብ ነው፤ የእንቆቅልሽ ሳጥን ትክክለኛ ቦታ ካርታ ላይ አይታይም፣ እንቆቅልሹን የፈታ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ እዚሁ ሲያትል ሬይንየር ቫሊ ሰፈር ያሉ አንዲት ባለሱቅ ጋ ሄድኩ። እንጀራ የምንገዛው ከሳቸው ነው።

«እትዬ፣ ከሱቁ ጀርባ አንዲት ትንሽ ሳጥን ላስቀምጥ ፈቅደው?»

«ምን ያለበት?»

«ወረቀት።»

«ብር የለውም?»

«የለውም።»

«እና ሰው የሚመጣው?»

«ሊፈርም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይሄዳል።»

እንጀራውን እየቋጠሩ ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ፣ ደህና ነህ ግን?» አሉ። ፈቀዱ። አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፦ የመጣ ሰው ሰላም ሳይለኝ እንዳይሄድ።

መግለጫው ላይ ጻፍኩት። ገምጋሚው መለሰው። ተጫዋች ንግድ ቤት እንዲገባ ወይም ሠራተኛ እንዲያናግር ማድረግ አይፈቀድም፤ ማስታወቂያ ይሆናል። ልክ ነው። የሱቁን ስም አወጣሁ፣ ሰላምታውንም አወጣሁ። እንዲህ ብቻ ተውኩት፦ ቦታው ፈቃድ አለው፣ ተደብቃችሁ አትፈልጉ፣ የሚያያችሁ ሰው ምን እንደምታደርጉ ያውቃል።

ሰዉ ግን በገዛ ፈቃዱ ይገባል። እትዬ አሁን እንደ ዘበኛ ናቸው። ሰው ሳጥኑ ቦታ ላይ ሲዞር ካዩ በመስኮት በእጃቸው «ወደ ግራ» ይላሉ። ይሄ ከሥርዓቱ ውጭ ነው፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ አልሰሙኝም። አንድ የቆየ ተጫዋች መዝገቡ ላይ ሳይታዩ መፈለግ ከሌለ ጣዕሙ ምኑ ላይ ነው ብሎ ጽፏል። ለሱ ሌላ ሺህ ምሰሶ አለለት። በሌላ በኩል ክዳኑ ሳይገጠም የተተወ ጊዜ እትዬ ናቸው ደውለው የነገሩኝ። ዝናብ ሳይገባበት ደረስኩ።

ልትሞክሩ ካሰባችሁ አፑ በነጻ ይጀመራል። እያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ የመፈለጉን ክብደት፣ ሌላው የመንገዱን። ሁለቱም ከ1 እስከ 5 ናቸው። በ1 ጀምሩ። ወረንጦ ያዙ፤ የትንንሾቹ ወረቀት በጣት አይወጣም። ባዶ ፌስታልም ያዙ፤ በመንገድ ያገኙትን ቆሻሻ ለቅሞ መውጣት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የተጫዋቹ ልማድ ነው። እስክሪብቶ ደግሞ በፍጹም እንዳትረሱ፣ ሳጥኖቹ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ሲያትል ያላችሁና ስልኬ ያላችሁ ደውሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንወጣለን፤ አስተማሪዋ ግን ልጄ ናት፣ እሷ ደግሞ ትቆጣለች።