«ጅቡን ሰው አድርገው» ያሉኝ

የስልክ ጌም ለብቻው ለሚሠራ ሰው ቀድሞ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለማን እንደምትሠራ ለይ።» ምክሩን አልንቅም። እኔ ግን የጀመርኩት ከጅብ ነው። የሐረር ጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ከግርጌው ደግሞ ጅቦች ሌሊት የሚሾልኩባቸው ቀዳዳዎች አሉ። በቀዳዳው ገብቶ በጠባቦቹ መንገዶች ጥራጊ የሚለቅም ጅብ መሆን አማረኝ። እንዲህ ያለ ጌም አምጣልን ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ሐሳቡን የሰሙ ወዳጆቼ በደግነት ሊያሻሽሉት ሞከሩ። ጅቡ ጎረምሳ ይሁን፣ ባጃጅ ይንዳ፣ ሽጉጥ ይያዝ፤ ገበያው ይህን ይወዳል። ይወድ ይሆናል። ነገር ግን ሰው የሚገባው በበር ነው። ሰው ካደረግኩት ቀዳዳው ሥራ ያጣል፤ ቀዳዳው ከሌለ ደግሞ ጌሙ የለም። አሜሪካዊው ጌም ሠሪ ኤሪክ ባሮን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን ስታርዲው ቫሊ የተባለ የእርሻ ጌም ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን የሠራው፣ በልጅነቱ የወደዳቸው የእርሻ ጌሞች እንደ ቀድሞው ስላልሆኑለት ነው። የመጀመሪያው ተጫዋች ራሱ ነበር ማለት ነው። ማታ ደክሞት ገብቶ ኮምፒውተር የሚከፍት ሰው ከጉጉቱ በቀር ደመወዝ የለውም።

የሠራሁት ጎዶት በተባለ የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ነው፤ በነጻ ይገኛል፣ አቅመ ደካማ ኮምፒውተርም ይችለዋል። የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም ጌም ሠሪውን ለእያንዳንዱ ጌም 100 ዶላር ያስከፍለዋል፣ የአንድሮይድ ስልኮቹ ጎግል ፕሌይ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ 25፤ ስለዚህ ለስልክ ወሰንኩ።

ተጫዋቹን ያሰብኩት ከዚህ በኋላ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ሻይ ለሚጠጡ ሰዎች ስልኬን ማቀበል ጀመርኩ። «ጎበዝ፣ በርታ!» ይላሉ ሁሉም፤ ይሉኝታ ነዋ! መጠየቁን ትቼ አውራ ጣታቸውን ማየት ያዝኩ። አንድ ልጅ «መውጫ የለውም» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። መውጫው ነበረ፤ በስተቀኝ ታች ጥግ፣ ልክ ጣቱ ባረፈበት ቦታ። ቀዳዳውን ወደ ላይ አነሳሁት። ጅቤ አደጋ የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ የሚጫወቱት ድምፅ አጥፍተው ነው። ድምፅ ክፈቱ ብሎ መለመን አያዋጣም፤ ውሻ ሲቀርብ ስልኩ እንዲነዝር አደረግኩ።

በጣቱ፣ በዓይኑና በጆሮው ጉዳይ ተጫዋቹ ያዝዘኛል፤ በጅቡ ጉዳይ ግን አያዝዘኝም። ከዚህ ደንብ የወጣሁት አንዴ ብቻ ነው። አንዲት ልጅ ጥቂት ከተጫወተች በኋላ ቀና ብላ «ስሙ ማን ነው?» አለችኝ። ሐረር ውስጥ ጅብ የሚያበሉት ሰዎችም ጅቦቹን በስም ነው የሚጠሯቸው። አሁን ጌሙ ሲከፈት ተጫዋቹን መጀመሪያ የሚጠይቀው ለጅቡ ስም እንዲያወጣለት ነው።