«ጉልበት የሚሰጥ» ክኒን ለምትጠይቁኝ

ደብረ ብርሃን ላይ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማው አቤቱታ ቢኖር «ድካም ድካም ይለኛል» ነው። ተማሪው ፈተና ሲደርስ ይመጣል። ሌሊቱን በጣርማበር ጉም ሲነዳ ያደረው ሾፌር ይመጣል። ከመንዝ የመጡ እናት «ልጄ፣ ያቺን ጉልበት የምትሰጠዋን ስጠኝ» ይሉኛል። ያቺ የሚሏት ቢ ኮምፕሌክስን፣ ማለትም ከቢ ቫይታሚኖች የተወሰኑትን በአንድ የያዘችውን ክኒን ነው። ብዙ ጊዜ ቫይታሚን ሲም አብሮ ይጠየቃል። ሰልፍ እያለ ባንኮኒ ላይ ቆሞ በደንብ ማስረዳት አይቻልም፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ቢ ቫይታሚኖች ራሳቸው ጉልበት አይሰጡም። ጉልበት የሚመጣው ከእንጀራው፣ ከሽሮው፣ ከበሶው ነው። ቢዎቹ የሚሠሩት ሰውነት የበላነውን ወደ ጉልበት እንዲቀይር ማገዝ ነው። ስምንት ናቸው፤ አንዱ ሲጎድል ሰው ይደክማል፣ ሲተካለት ደግሞ ይበረታል። ምንም ላልጎደለው ሰው ግን ተጨማሪው ክኒን በአብዛኛው በሽንት ይወጣል። ክኒኑን ስትወስዱ ሽንታችሁ ደማቅ ቢጫ ቢሆን አትደንግጡ፣ ቢ2 ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «ጎድሎኛል ወይ?» የሚለው ነው። በእኛ አካባቢ ይህን ጥያቄ በቁም ነገር መጠየቅ ያለባቸው ሰዎች አሉ።

ከቢ12 ልጀምር። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከዓሣ ነው። እህልና አትክልት ውስጥ የለም። የእኛ ሰው ደግሞ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ይህን ስል ጾሙን ጥፋተኛ ላደርግ አይደለም፤ ጤነኛ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ያከማቻል፣ የሁዳዴ 55 ቀን ብቻውን አያራቁተውም። ችግሩ ፍስኩም እንደ ጾሙ ለሚያልፍበት ሰው ነው። እንቁላልና ወተት ከተወደደ ወዲህ ፋሲካ አልፎም ሽሮ ብቻ የሚበላ ቤት ብዙ ነው። በዚያ ላይ ጨጓራ አለ። ለጨጓራ ብሎ ኦሜፕራዞል ለዓመታት የሚውጥ ሰው ቢ12ን ከምግቡ እንደ ልብ አይመጥም። የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የወሰደም እንዲሁ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችም እዚሁ ውስጥ ናቸው። እግር መደንዘዝ፣ እንደ መርፌ መውጋት፣ ምላስ መቁሰል፣ መርሳት ከድካሙ ጋር ከመጡ ቶሎ መታየት ያስፈልጋል። ነርቭ ከተጎዳ ቆይቶ መመለሱ ያስቸግራልና።

አሁን አጥብቄ ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር መጣ። ርካሿ የቢ ኮምፕሌክስ ክኒን ብዙ ጊዜ ቢ12 የለባትም! ፎሊክ አሲድም (ቢ9) የለባትም። ቢ1፣ ቢ2፣ ቢ3 እና አንዳንዴ ቢ6 ብቻ ናት። ስለዚህ እግሩ የደነዘዘ ሰው ወራት ሙሉ ይቺኑ ሲውጥ ከርሞ «ቢ ሞክሬ አልሠራልኝም» ሊል ይችላል፤ የሚያስፈልገው ግን አልገባለትም። ማሸጊያውን አንብቡ። ማንበብ ካስቸገራችሁ ፋርማሲስቱን «ቢ12 አለው ወይ?» በሉት፣ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ፎሊክ አሲድን ደግሞ ለማርገዝ የምታስቡ እህቶቼ ቀድማችሁ ጀምሩ፤ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከእርግዝናው በፊት። የጽንሱ አከርካሪ የሚገጥመው እናትየው ማርገዟን እንኳ በቅጡ ሳታውቅ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው የክትትል ቀን እስኪደርስ መጠበቅ ያዘገያል።

አረቄም እዚህ ይነሳል፣ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነውና። አረቄ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ቢ1 ሊጎድለው ይችላል፤ ምግቡን ይተወዋል፣ የበላውንም አንጀቱ በደንብ አይመጥለትም። እንዲህ ያለ ሰው ሲንገዳገድ፣ ዓይኑ ሲንቀዋለል፣ ሲቀባዥር ካያችሁት «ሰክሮ ነው» ብላችሁ አትተዉት፣ ሆስፒታል ውሰዱት።

ወደ ቫይታሚን ሲ እንምጣ። እኛ ደገኞች ነን። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ምስር ሞልቶናል፤ ደረቅ እህል ውስጥ ግን ቫይታሚን ሲ የለም ማለት ይቻላል። ፍራፍሬው የሚመጣልን ከቆላው፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል ነው፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይጠፋል ወይም ይወደዳል። ጎመን አለን፣ ግን ሁለት ሰዓት ስናንተከትከው ቫይታሚኑ በሙቀቱ ይሞታል፣ የቀረው ከውሃው ጋር ይደፋል። ለሴት በቀን 75፣ ለወንድ 90 ሚሊግራም ይበቃል። አንድ ብርቱካን ወደ 70 ይሰጣል። ጥሬ ቃሪያ ደግሞ ከብርቱካን ይበልጣል! ሁለት ሦስት ቃሪያ፣ ስንግም ቢሆን፣ የቀኑን ድርሻ ሊሸፍን ይችላል። ጨጓራ ያለበት ዘይቱን (ጓቫ) ይፈልግ።

በዚህ ሂሳብ 1000 ሚሊግራሟ፣ ውሃ ውስጥ የምትፈላዋ ክኒን፣ ከሚያስፈልገው በላይ ናት። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲገባ ሰውነት ሁሉንም አይመጠውም። በቀን ከ2000 ካለፈ ሆድ ያስቀምጣል፤ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ደግሞ ብዙውን ጭራሽ ባይነካ ይሻላል። ጉንፋንን አይከለክልም፤ ዘወትር የሚወስድ ሰው ጉንፋኑ በትንሹ ሊያጥርለት ይችላል፣ ያ ነው።

እኔ የቫይታሚን ሲን ትልቅ ጥቅም የማየው ሌላ ቦታ ነው። ከምስርና ከጤፍ የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። የብዙ ሴቶች ድካም ከብረት እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ ነው፣ የቢ ጉዳይ አይደለም። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጉበት። ቡናና ሻዩን ከምግቡ ጋር አታያይዙት፣ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ብረቱን ይይዙታልና። የብረት ክኒን የምትወስዱም በሻይ አትዋጡት።

ስለ ጭንቀት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ አይገርመኝም። ያለፉት ዓመታት ለሰሜን ሸዋ ሰው ከባድ ነበሩ። ቤቱን ጥሎ የመጣ አለ፣ ዘመዱን የቀበረ አለ፣ ነገ ምን ይመጣ ይሆን ብሎ የማይተኛ አለ። ቢ ኮምፕሌክስ ለጭንቀት ይረዳል ወይ ተብሎ ተጠንቷል፤ ጥቂት እገዛ የታየባቸው ጥናቶች አሉ፣ እገዛው ግን መጠነኛ ነው፣ ድብርትን አያድንም። ሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ መኖር የሰለቸው ሰው ቫይታሚን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሳይ ልቤ ያዝናል። ያ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። የሚያዳምጠው ሰውም ያስፈልገዋል። አብሯችሁ ያለ ሰው እንዲህ ከሆነ እባካችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

«መርፌው ይሻላል» የምትሉም አላችሁ። ቢ12 ሆድ አልመጥ ሲል፣ ወይም ጉድለቱ ከባድ ሲሆን፣ ሐኪም መርፌ ያዛል፣ ትክክል ነው። ከዚያ ውጭ በአፍ የሚወሰደው ይሠራል። ቢ1 ያለበት መርፌ አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ስለሚያስነሳ ጎረቤት ቤት አትወጉት። ቢ6 ደግሞ በከፍተኛ መጠን ለወራት ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ ሊያድነው የተፈለገውን መደንዘዝ መልሶ ያመጣዋል። ሁለት ሦስት ዓይነት ቫይታሚን አብራችሁ የምትወስዱ ቢ6ቱን ደምሩት።

ድካሙ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ከክኒኑ በፊት ምርመራ ይቅደም። የደም መጠን፣ ስኳር፣ አንገት ላይ እብጠት ካለ እንቅርት፣ ሳልና የሌሊት ላብ ካለ ቲቢ። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ምርመራውን ምረጡ።

መውሰዱ የግድ ከሆነ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ውሰዱት፣ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። የስኳር መለኪያ በቤታችሁ ያላችሁ ደግሞ ብዙ ቫይታሚን ሲ የመለኪያውን ቁጥር ሊያሳስተው እንደሚችል እወቁ። የምትታኘከዋን ብርቱካንማ ክኒን ከልጆች እጅ አርቁ፤ ከረሜላ ይመስላቸዋል።