ቫን ፐርሲን ያጣነው በ2011 ነው

የአርሰናል ደጋፊ ከሆናችሁ የቫን ፐርሲ ስም ሲነሳ ዛሬም ያማችኋል። እኔንም ያመኛል። ግን ታሪኩን ስናወራ ሁሌም ከመጨረሻው ነው የምንጀምረው። ማንቸስተር ዩናይትድ መጣ፣ 24 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ ከፈለ፣ አምበላችንን ይዞ ሄደ፣ ከሃዲ ነው፣ አለቀ። ይሄ በ2012 የሆነው ነው። እኔ ግን ልጁን ያጣነው ከዛ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው እላለሁ።

የ2011 ክረምትን አስታውሱ። በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። ፋብሪጋስ ወደ ባርሴሎና ሄደ። ክሊሺ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሄደ። ናስሪ ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት ብቻ ስለቀረው እሱም ለሲቲ ተሸጠ። በቀናት ልዩነት በዩናይትድ ሜዳ በኦልድ ትራፎርድ 8 ለ 2 ተደበደብን። ያንን ጨዋታ ያየ ሰው አይረሳውም። በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል የአምበልነቱ ጨርቅ ለቫን ፐርሲ ተሰጠ፣ የእሱም ውል የሚያልቀው በ2013 ነበር።

እንግዲህ ሁለት ዓመት ቀርቶታል ማለት ነው። ክለብ ጉልበት ያለው እዚህ ጋ ነው። ተጫዋቹ እምቢ ቢል እንኳን በጥሩ ዋጋ ይሸጣል፣ እሺ ካለ ደግሞ በልኩ ይፈርማል። አርሰናል ግን በዚያ ወቅት አላስፈረመውም። ውሉ ሳይታደስ ሲዝኑ ተጀመረ፣ ሰውየውም የዕድሜውን ምርጥ ሲዝን ተጫወተ። በሊጉ ብቻ 30 ጎል፣ በአጠቃላይ 37። የእንግሊዝ ተጫዋቾች ማህበር የዓመቱ ምርጥ አለው። በሜይ 2012 ከአሰልጣኙ ከቬንገርና ከዋና ሥራ አስፈጻሚው ከጋዚዲስ ጋር ሲቀመጥ አንድ ዓመት ነው የቀረው። ጠረጴዛው ተገልብጧል። አሁን የሚለመነው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ጁላይ 4 ቀን በራሱ ድረ ገጽ መግለጫ አወጣ። ክለቡ በሚሄድበት መንገድ እንደማይስማማና ውሉን እንደማያራዝም ተናገረ። ነገሩ የገንዘብ እንዳልሆነም አከለበት። አመናችሁም አላመናችሁም፣ ክለቡ ከዛ በኋላ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበር የቀረው፤ ወይ መሸጥ፣ ወይ አንድ ዓመት አጫውቶ በነፃ ማጣት። ሸጡት። ያውም ለዩናይትድ።

የሚያናድደኝ መሄዱ ብቻ አይደለም። ልጁ በ2004 ከፌይኖርድ ሲመጣ 2.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነው የተከፈለበት። ከዚያ በኋላ ዓመታቱ በጉዳት ነው ያለቁት። በኖቬምበር 2009 ከጣሊያን ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ለወራት ከሜዳ ራቀ። ክለቡም ደጋፊውም ጠበቁት። ስንት ጊዜ ተነስቶ ስንት ጊዜ ወደቀ! በመጨረሻ ሰውነቱ እሺ ያለለትን ዓመት አየን፣ ፍሬውን የበላው ግን ሌላ ሰው ሆነ። በ2012/13 ለዩናይትድ 26 የሊግ ጎል አገባ። ዋንጫውን ያረጋገጡት አስቶን ቪላ ላይ እሱ ሃትሪክ በሠራበት ጨዋታ ነው። ከስድስት ቀን በኋላ ዩናይትድ ወደ ሜዳችን ኤምሬትስ መጣ፣ የእኛ ልጆች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ለሻምፒዮኖቹ አጨበጨቡ፣ ከመሃላቸውም እሱ አለፈ። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። የእነሱን ጎል ማን አገባ? እሱ፣ በፍጹም ቅጣት ምት።

ለክለቡ ፍትሃዊ ልሁን። ኤምሬትስ ስታዲየም በ2006 ሲከፈት 390 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጥቶበት ነበር፣ ያ ዕዳ ለዓመታት እጃችንን አስሯል። ከ2005 የኤፍ ኤ ካፕ በኋላ ዋንጫ የሚባል ነገር አላየንም ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላው አጥቂ ዋንጫ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ቬንገርም ከባዶ ኪስ ተአምር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ይሁን። ግን የውል ማብቂያ ቀን ድንገት አይመጣም። በተፈረመበት ቀን የታወቀ ነገር ነው።

ደግሞ ሕጉ ለማንም ምስጢር አይደለም። ከ1995ቱ የቦስማን ውሳኔ ወዲህ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ክፍያ ይሄዳል። የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ ሲገባ ከውጭ አገር ክለብ ጋር ቅድመ ስምምነት መፈረም ይችላል። ገዢው ክለብ ለዝውውር የማይከፍለውን ብር ለፊርማና ለደሞዝ ያዞረዋል፣ ወኪሉም ድርሻውን ያገኛል። ስለዚህ በመጨረሻው ዓመት ዝም ብሎ መጠበቅ ለተጫዋቹ ትርፍ ነው። ለክለቡ ኪሳራ ነው።

ከቫን ፐርሲ ትምህርት ተወስዶ ቢሆን እሺ። በ2017 ኮከቦቻችን ሳንቼዝም ኦዚልም እኩል ወደ ውላቸው መጨረሻ ዓመት ገቡ። ሁለቱም! ዝውውሩ በሚዘጋበት ቀን ሲቲ ለሳንቼዝ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ሊከፍል ነበር፣ አርሰናል ግን በምትኩ ሌማርን ከሞናኮ ማምጣት ስላልቻለ ነገሩ ፈረሰ። ከአምስት ወር በኋላ ያው ሳንቼዝ በሚኪታሪያን ተለውጦ ወደ ዩናይትድ ሄደ፣ አንድ ፓውንድ አልገባም። በዚያው ሰሞን ኦዚልም ይሄድብናል ተብሎ ተፈርቶ በሳምንት 350 ሺህ ፓውንድ ገደማ ተፈረመለት። መጨረሻው እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ፣ ከቡድኑ ዝርዝር ውጭ ሆኖ ከርሞ በጃንዋሪ 2021 ወደ ፌነርባቼ ሄደ። ኦባሜያንግም ከዚህ አይርቅም። በ2020 አንድ ዓመት ሲቀረው ሁላችንም ይፈርም ይፈርም ብለን ጮህን፣ ፈረመ፣ ጨፈርን፣ ብዙም ሳይቆይ አምበልነቱ ተነጥቆ በነፃ ባርሴሎና ገባ። በፍርሃት የሚፈረም ውል እንዲህ ነው የሚሆነው። ዋጋው ከተጫዋቹ በላይ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ግን አንጀቴን የሚበላው ራምሴ ነው። በ2008 ገና በ17 ዓመቱ ከካርዲፍ የመጣ ልጅ። በ2010 ስቶክ ላይ እግሩ ተሰብሮ እንደገና የቆመ። የ2014ንም የ2017ንም የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ያሸነፍነው እሱ ባገባው ጎል ነው። ይሄንን ሰው ክለቡ የውል ንግግሩን ጀምሮ በ2018 መልሶ ተወው፣ እሱም በነፃ ወደ ዩቬንቱስ ሄደ። ሊሰናበተን ሜዳ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ማንም አልሰደበውም። አስራ አንድ ዓመት የተጫወተ፣ መሄድ የማይፈልግ ሰው!

አሁን ነገሩ ተለውጧል፣ ለዚህም ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው። በ2023 ማርቲኔሊ፣ ሳካ፣ ሳሊባና ኦዴጋርድ በተከታታይ ፈረሙ። በ2025 ደግሞ ጋብሬል ቀድሞ አደሰ። ከዚያ ተከላካያችን ሳሊባ ቀረ። ሪያል ማድሪድ ይፈልገዋል የሚለው ወሬ በየቀኑ ነበር፣ እና እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር፣ ምክንያቱም ማድሪድ እንዴት እንደሚሠራ በዚያው ዓመት በሊቨርፑል አይተናል። ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያደገበትን ክለብ ውሉ ሊያልቅ ሲል ጥሎ ወጣ። ማድሪድ ለክለቦች ዓለም ዋንጫ እንዲደርስላቸው ብለው ጥቂት ሚሊዮን ከፈሉ እንጂ አንድ ወር ቢታገሱ በነፃ ነበር። በሜይ አንፊልድ ላይ ተቀይሮ ሲገባ የገዛ ደጋፊዎቹ ሲጮሁበት በተቃራኒ የቆሙት የእኛ ተጫዋቾች ነበሩ፣ ሳሊባን ጨምሮ።

የሊቨርፑል ደጋፊ ቢናደድ አልፈርድበትም። ግን ያንን ጩኸት ግማሹን ለክለቡ ቢሮ ማድረግ ነበረበት፣ ምክንያቱም የልጁ የመጨረሻ ውል የተፈረመው በ2021 ነው፣ ከዚያ በኋላ ሳይታደስ ሦስት ክረምት አልፏል።

ሳሊባ በሴፕቴምበር 2025 እስከ 2030 ፈረመ። የቀድሞው ውሉ ሊያልቅ የቀረው ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳን አይሞላም ነበር፣ ግን የመጨረሻው ዓመት ውስጥም አልገባም። ዜናው ሲወጣ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። አዲስ ተጫዋች ሲመጣ እንደምንጨፍረው አልጨፈርንም። እኔ ግን ከዚያ ክረምት ግዢዎች ሁሉ ይልቅ በዚህ ፊርማ ነው የተደሰትኩት።