ጦሳ የሌለበት ከተማ

ከደሴ ስነሳ እናቴ በትንሽ ሃይላንድ እርሾ ሞልታ ሰጠችኝ። «ሰው አገር ሄደሽ እርሾ ከመለመን ይሻላል» አለች። አዲስ አበባ አድሬ በማግስቱ የሐዋሳ መኪና ያዝኩ። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መቂ ስንደርስ ሃይላንዱ ተነፍቶ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ክዳኑን ላላ አድርጌ አስተነፈስኩት። ዝዋይ ላይ ደገምኩት፤ ሻሸመኔ ላይም እንደዚሁ። ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ መጀመሪያ የነገረኝ ያ እርሾ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐዋሳ 1,700። በቁጥር ሲያዩት ያን ያህል አይመስልም። ሊጥ ግን ያውቀዋል።

ቤት ያገኘሁት በደላላ ነው። አቶቴ አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ ያለች ሰርቪስ ክፍል። «ውሃ አይጠፋም» ተብዬ ኮሚሽኑን ከፈልኩ። ውሃው በፈረቃ ሆኖ አገኘሁት፤ ደላላውም ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሳም። ሁለት ጀሪካንና አጎበር ገዛሁ። ቤት የምትከራዩ ሰዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቧንቧውን ራሳችሁ ክፈቱት፤ ጎረቤትም ጠይቁ።

የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ደሴ ሳለሁ አቅጣጫ ጠይቄ አላውቅም። ቀና ስል የጦሳ ተራራ አለ፤ እሱ ካለ ምዕራቡ የት እንደሆነ አውቃለሁ። «ወደ ላይ»፣ «ወደ ታች» ካሉኝ ይበቃኛል። ሐዋሳ ሜዳ ናት። መንገዱ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ በዛፍ የተሞላ ነው፤ ያምራል። ለእኔ ግን ሁሉም አንድ መሰለኝ። የባጃጁ ልጅ «ወደ ሐይቅ ነው ወደ ሪፈራል ሆስፒታል?» ሲለኝ ዝም አልኩ። አንድ ማታ በራሴ ሰፈር ሦስቴ ዞሬ በራችንን ያገኘሁት በግቢው ውሻ ድምፅ ነው። ገብቼ አለቀስኩ።

ሊጡም በዚያው ሳምንት ነው። እንደ ለመድኩት ሐሙስ አቡክቼ እሁድ ልጋግር አሰብኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሊጡ ባልዲውን ሞልቶ፣ ክዳኑን ገፍቶ ወለሉ ላይ ፈሷል። የተረፈውን ጋገርኩ። እንጀራው ዓይኑ ተደፍኖ፣ ምጣዱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሽታው ግቢውን ሞላው።

የአከራዬ እናት በሽታው መጡ። ሲዳማ ናቸው፤ አማርኛቸው ረጋ ያለ ነው። ጣታቸውን ሊጡ ውስጥ ነክረው ቀመሱ።

«ልጄ፣ ይሄ ትናንት ነበር የሚጋገረው።»

«እናቴ ጋ እንዲህ ነው የምናደርገው፣ እማማ።»

«የእናትሽ አገር ብርድ ነው። እዚህ እርሾውን በግማሽ ቀንሺ። ማታ አቡኪ። ላዩ ላይ ያቀረረውን ውሃ ድፊና በቀዝቃዛ ተኪ።»

ወደ ቤታቸው ገብተው ቡርሳሜ ይዘውልኝ ወጡ፤ በቅቤ የታሸ ትኩስ ቆጮ። ጠረኑ መጀመሪያ ከበደኝ። ስጎርሰው ግን ኮምጠጥ ያለው ጣዕሙ የማውቀው ነገር ነበር። ቆጮም እኮ የሚቦካ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ወራት ይቆያል። እኚህ ሴት ስለ ማቡካት ሲናገሩ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩትን ነው የሚናገሩት። እንደነገሩኝ አደረግኩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዓይናማ እንጀራ ወጣልኝ። የመጀመሪያውን ትኩስ ለሳቸው ወሰድኩ።

ጠዋት ጠዋት አሁን «ኬሬ» እላቸዋለሁ። በሲዳምኛ ሰላም ማለት ነው። «ዳንቻ» ይሉኛል፤ ጥሩ። ሁለት ቃል ናት፤ ግን በሯን ስከፍት የሚጠብቀኝ ሰው አለ ማለት ነው። የመታወቂያው ነገር ገና ነው፤ መሸኛ ከደሴ እየጠበቅኩ ነው።

ባለፈው እሁድ እማማ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ወሰዱኝ። ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ አራግፈዋል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ቆመው አንጀቱ እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። ዓሣ በዳጣ በላን። ዳጣው አፌን አቃጠለኝ፤ እሳቸው ውሃ አቀበሉኝ።

ሲመሻሽ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ በኩል ተመለስን። ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ እየጠለቀች ነበር። ደሴ ሳለሁ በዚህ ሰዓት ከጦሳ ጀርባ ነበር የምትገባው። ቆም ብዬ አየሁና ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጠሁ። ሪፈራል በየት በኩል እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠይቅ አወቅኩ።

«ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

«ምንም፣ እማማ። ዛሬ እኔ ልምራዎት።»