ሐረማያ ላይ ወፍ ስንቆጥር

ይሄን የምጽፈው ማታ ቤት ገብቼ ሆጃ ጠጥቼ ነው፣ ጣቶቼ ግን አሁንም በደንብ አልተፍታቱም። ገና አልፎ ጥምቀት ሳይደርስ ያለውን ብርድ ሐረማያ ያደረ ሰው ያውቀዋል፣ እኛ ሐረር ብርድ አለ እንላለን እንጂ አቦ የዛሬውን አላየነውም! ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሸዋ በር በሚኒባስ ተነስቼ አወዳይን አልፈን ሐረማያ ስወርድ ገና ጨለማ ነው፣ ሳሩ ላይ አመዳይ ተጋግሯል፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ ከላይ የእማዬን ጋቢ ተከናንቤም ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር።

ቆጠራው ፈረንጆቹ የክረምት ቆጠራ የሚሉት ነው። መጀመሪያ ስሰማው ግራ ገብቶኝ ነበር፣ ለኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ጥር ደግሞ በጋ። አሁን ግን ገብቶኛል፣ ክረምቱ የወፎቹ ነው፣ አውሮፓና እስያ ላይ ውሃው በረዶ ሲሆንባቸው ምግብ ፍለጋ ስንት ሺህ ኪሎሜትር በርረው እኛ በጋ ውስጥ ይገባሉ። ጥር የተመረጠውም በዚህ ወቅት አብዛኞቹ አንድ ቦታ ረግተው ስለሚቆዩ ነው፣ በጉዞ ላይ ቢሆኑ ዛሬ እዚህ የተቆጠረው ነገ ሌላ ሐይቅ ላይ ድጋሚ ይቆጠር ነበር። የውሃ ወፎች ቆጠራ በዓለም ደረጃ ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ ይደረጋል፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጉሙ ምንም አያሳይም። ድምፅ ይሰማል፣ ወፍ የለም። አስተባባሪያችን (ጋሼ ነው የምንላቸው) ቴሌስኮፑን ተክለው ጉሙ እስኪገፈፍ አጠገባቸው ሰብሰብ ብለን ቆምን፣ እሳቸውም አሜሪካኖቹ የወፍ ቆጠራን እንዴት እንደጀመሩት አጫወቱን። ድሮ በገና ቀን ቡድን ለይተው ማን ብዙ እንስሳና ወፍ ገደለ ብለው ይወዳደሩ ነበር፣ በፈረንጆቹ 1900 ፍራንክ ቻፕማን የሚባል ሰው ከምንገድል እንቁጠር አለና በመጀመሪያው ዓመት 27 ሰዎች ወጡ። 27 ሰው ብቻ! እኛ አምስት ነበርን፣ ይሄን ስሰማ አምስት መሆናችን ትንሽ መስሎ አልታየኝም።

ፀሐይ ወጥታ ጉሙ ከውሃው ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ዳክዬዎቹ በቡድን በቡድን ተቀምጠዋል፣ ከመሃላቸው መንቆራቸው እንደ አካፋ የሰፋ አሉ፣ ወንዱ ጭንቅላቱ አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጎኑ የሸክላ ቀለም ነው፣ መንቆሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ምግቡን ያጣራል። እነዚህ ከሰሜን የመጡ እንግዶች ናቸው። ከብቶቹ እግር ስር ደግሞ ሆዷ ቢጫ የሆነች ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ትንሽዬ ወፍ ነበረች፣ እሷም ከሩቅ ነው የመጣችው፣ የውሃ ወፍ ስላልሆነች ግን ፎርማችን ላይ አልገባችም፣ ትንሽ አሳዘነችኝ።

ቆጠራ ቀላል ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ አስሩን አንድ በአንድ ትቆጥሪያለሽ፣ የአስር ወፍ ስፋት ዓይንሽ ውስጥ ሲቀመጥ በዛ ልክ መንጋውን እየለካሽ ትሄጃለሽ፣ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ይጠራል ሌላው ይጽፋል። እኔ የጣት መቁጠሪያዋን ይዤ ነበር፣ ጣቴ ደንዝዞ ልጫናት አልጫናት እንኳ አይሰማኝም። አንዱን መንጋ 47 አልኩ። ወዲያው ጭልፊት መጣና ሁሉም ብድግ አሉ፣ ዞረው ሲያርፉ ድጋሚ ቆጠርኩ፣ 52። ጋሼን 50 ብለን እንጻፈው ስላቸው አይሆንም፣ እንደገና ቁጠሪ አሉኝ። ቆጠርኩ፣ 52 ነው። በዛ ብርድ ያቺ ሦስተኛ ቆጠራ ከበደችኝ፣ ግን ልክ ነበሩ።

ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከበቡን፣ "ማል ላኮፍቱ?" አሉ፣ ምን ትቆጥራላችሁ ነው። "ሲምቢሮ" ስላቸው ሳቁ፣ ከዛ አንዱ በቴሌስኮፑ አየና ዝም አለ፣ ወንድሙን ጎትቶ አሳየው።

መጨረሻ ላይ ፎርሙን ስንሞላ ሻላ የሚባለው የውሃ ወፍ መስመር ላይ ምንም ስላላየን ባዶ ትቼው አለፍኩ። ጋሼ መልሰው ሰጡኝ። ባዶ ከሆነ አልፈለግንም ማለት ነው፣ 0 ከሆነ ግን ፈልገን አጣን ማለት ነው አሉ። 0 ጻፍኩ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ቅርጿ ተበላሸ፣ ደግሜ ጻፍኳት።

ይቺ 0 ቀኑን ሙሉ ከራሴ አልወጣችም። እኔ ልጅ እያለሁ ይሄ ሐይቅ ደርቆ ነበር። ከሐይቁ ውሃ ለጫትና ለአትክልት በሞተር ይሳብ ነበር፣ ለሐረር ከተማም የሚሄደው ከዚሁ ነበር፣ ደለሉ ደግሞ ከኮረብታው እየወረደ ሞላው፣ በመጨረሻ ወለሉ ላይ ከብት ይግጥ ጀመር። እኛ ሰፈር ያኔ ውሃ ማለት የጄሪካን ሰልፍ ነው፣ እማዬ ሌሊት ተነስታ ተራ ትይዝ ነበር። ስለ ውሃው ሁሉም ያወራ ነበር፣ ስለ ወፎቹ ግን ማንም ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። የመጨረሻዋ ዳክዬ የትኛው ጠዋት እንደሄደች አላውቅም፣ በዛን ሰሞን አንድ ሰው ዳር ላይ ቆሞ 0 ብሎ ጽፎ ከሆነ እጁን መሳም እፈልጋለሁ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሷል፣ ወፎቹም መጥተዋል፣ ማን እንደነገራቸው እንጃ።

ቤት ስገባ እማዬ ጋቢዋን ተቀብላኝ የጫፉን ጭቃ አየች፣ ግን አልተቆጣችም። ስለ ወፍም አልጠየቀችኝም። "ውሃው እስከ የት ድረስ ነው?" አለችኝ። ፎቶውን አሳየኋት፣ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየችው፣ ከዛ ነጠብጣቦቹ ምንድናቸው አለችኝ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ፎቶው ላይ አብረን ቆጠርናቸው።