«አአ» አዲስ አበባ አይደለም

በአፋር ስለሚገኘው እሳተ ገሞራ ስለ ኤርታ አሌ የተጻፈ የአስጎብኚዎች መመሪያ ወደ አማርኛ ስመልስ የሠራሁት ስህተት ዛሬም ይቆጨኛል። በምንጩ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ተከታታይ የላቲን «a» ፊደላት አገኘሁ። ጽሑፉ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲገለበጥ የፊደላቱ የድምፅ ምልክቶች ጠፍተው ስለነበር ምህጻረ ቃል መሰለኝ። «በተራራው ጎን የአ.አ. ላቫ (ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ አለት) ይታያል» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ።

ረቂቁን እንዲያርሙ የተሰጣቸው አንጋፋ የጂኦሎጂ መምህር አስጠሩኝ። «ልጄ፣ ይህ አዲስ አበባ አይደለም፤ የሃዋይ ቃል ነው» አሉኝ። ከዚያም አነበቡልኝ፦ አአ። በመካከሉ ድምፁ ጉሮሮ ላይ ይቆረጣል፤ የኋለኛው ይረዝማል። በሃዋይ ቋንቋ መንደድንና መንቦግቦግን ይገልጻል፤ ለድንጋይ ሲሆን ደግሞ ጫማ በሚቀድ ስብርባሪ የተሸፈነውን ላቫ። ጥንዱ ፓሆይሆይ የሚባለው ላቫ ነው፤ ገጹ የተጠማዘዘ ገመድ ይመስላል። አሜሪካዊው የጂኦሎጂ ባለሙያ ክላረንስ ደተን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሁለቱን ቃላት ወደ ሳይንስ አስገባቸው። ልዩነቱን ግን ከእርሱ አስቀድሞ ለይቶ የሰየመው ላቫውን በእግሩ ሲረግጥ የኖረው ሕዝብ ነው፤ ይህ ልቤን ነካው። አፋሮችም ተራራቸውን «የሚጨስ ተራራ» ያሉት እንዲሁ አብረውት ኖረው ነው።

አአ የተባለው በባዶ እግሩ የረገጠው ሰው «አ! አ!» ብሎ ስለጮኸ ነው የሚል ተረትም አለ። «ለጨዋታ ይሁን፤ የቃሉ ምንጭ ብለህ ግን እንዳትጽፈው» አሉኝ።

እኔም አአን «ሸካራ ላቫ»፣ ፓሆይሆይን «ለስላሳ ላቫ» ልበላቸው አልኳቸው። መምህሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ለስላሳ ያልከው ቅርፊት ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። አስጎብኚው ለእግር የሚመች መስሎት እንግዳ ቢመራበትስ?» ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። በእጄ የያዝኩት ወረቀት ሰው የሚራመድበት ነበር፤ እኔ ግን የማስበው ስለ አማርኛው ውበት ብቻ ነበር።

የሃዋይ ቃላቱን እንዳሉ ተውናቸው፤ ከጎናቸውም ማብራሪያ ጨመርን። ሁለቱም ላቫዎች ከአንድ ዓይነት ቅልጥ አለት ሊወጡ እንደሚችሉ፣ ፓሆይሆይ እየፈሰሰና እየቀዘቀዘ ሲሄድ ወደ አአ ሊለወጥ እንደሚችል፣ አአ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፓሆይሆይ እንደማይመለስ ጻፍን። በፓሆይሆይ አንቀጽ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር በደማቅ ቀለም ገባ፦ «ከመርገጥ በፊት በዱላ ይሞከር»።