አባዬ እየሰማ "እትዬ" አለችኝ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይሄን ምስክርነት ስንቴ ጀምሬ እንደተውኩት እሱ ያውቃል፣ ምክንያቱም እሱ ያደረገልኝን ለመናገር የራሴንም ጥፋት መናገር ሊኖርብኝ ነው።

እኔና ታናሽ እህቴ 6 ዓመት አልተነጋገርንም። እማዬ ስታርፍ እሷ ሩቅ ነበረች፣ ከመንገድ ስትገባ ሰው ሁሉ ባለበት "አሁን ምን ልታደርጊ መጣሽ?" አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፣ ከቀብር በኋላ ሄደች፣ በቃ ከዛ ወዲህ ስልክም የለም ሰላምታም የለም። አባዬ ብቻ ለሁለታችንም ለየብቻ ይደውል ነበር።

ከዛ አባዬ የጉበት ካንሰር ነው ተባለ፣ ሲታወቅ ተሰራጭቷል። ቀን ከሌት "ፈውስልኝ" ነው የምለው፣ ሌላ ጸሎት አልነበረኝም። አንድ ሌሊት አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ስልኬ ላይ ፊልም ከፈትኩ፣ ለካ ስለተኳረፉ እህትማማቾችና ሞት አፋፍ ላይ ስላለች እናታቸው ነው። ታናሽየዋ ስትደርስ አልጋው ባዶ ነው፣ አንሶላው ተቀይሯል። እዛ ላይ ዘጋሁት፣ መጨረሻውን እስከዛሬ አላየሁትም።

መጽሐፍ ቅዱሴን ስከፍት ዘፍጥረት 25 መጣልኝ። አብርሃም በ175 ዓመቱ ሞተ፣ ልጆቹ ይስሐቅና እስማኤል በማክፌላ ዋሻ ቀበሩት ይላል። ሁልጊዜ አብረው መቆማቸው ደስ ይለኝ ነበር፣ ያን ሌሊት ግን አብርሃም አላያቸውም እኮ! የሚለው ሀሳብ ልቤን ወጋው። ተንበርክኬ "ጌታ ሆይ እኛን መቃብር ላይ አታገናኘን፣ አባዬ እየሰማ አገናኘን" አልኩት።

ሲነጋ ቁጥሯን ከአባዬ ስልክ ላይ ወስጄ ደወልኩ። "ማን ልበል?" አለች። ቁጥሬን አጥፍታው ነበር። ስሜን መጥራት አቅቶኝ "እኔ ነኝ" ስላት ዝም አለች፣ ዝም አለች፣ ከዛ "አባዬ ሞተ?" አለች። "አልሞተም፣ ድምፅሽን ይስማ" አልኳት።

አባዬ መናገር ካቆመ ሁለት ቀኑ ነው፣ ዓይኑንም አይገልጥም። ነርሷ ግን አይሰማም ብላችሁ ዝም አትበሉ፣ አናግሩት ብላን ነበር። በኋላ ሳነብ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት ሊሞቱ ሰዓታት ብቻ የቀራቸውና ምላሽ የማይሰጡ አንዳንድ በሽተኞች አንጎላቸው ለድምፅ መልስ ሲሰጥ አግኝቷል። እኔ ያን ጊዜ ይሄን አላውቅም፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረግሁለት። "አባዬ እየመጣሁ ነው፣ ጠብቀኝ" ስትለው እጄ ውስጥ የነበረው ጣቱ ጨበጥ አደረገኝ። ሃሌሉያ!

በማግስቱ ማታ ደረሰች። ስንት ነገር ልላት አስቤ ነበር፣ እሷ ግን ኮቷን ሳታወልቅ ከንፈሩን የማረጥብበትን ጥጥ ከእጄ ወሰደችና "በየስንት ሰዓቱ ነው የምታረጥቢለት?" አለችኝ። ስነግራት "እትዬ አንቺ ትንሽ ተኚ፣ እኔ አለሁ" አለች። እትዬ! 6 ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ቃል፣ እሱም አባዬ አጠገብ። እዛው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። "አባዬ በደወለ ቁጥር እህትሽ ደክሟት ነው የተናገረችው ይለኝ ነበር፣ ከገባኝ ቆይቷል፣ መጀመሪያ አንቺ እንድትደውይ ነበር የምጠብቀው" አለችኝ። አባዬ ለኔ አንድ ቀን ይሄን ነግሮኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል እሷ በቀኝ እኔ በግራ እጁን ይዘናል። ትንፋሹ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ይቆማል፣ አንዴ ግን ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልተመለሰም፣ ቀና ስንል ዓይን ለዓይን ተያየን።

ስንቀብረው ጎን ለጎን ነበር የቆምነው፣ የተገናኘነው ግን እዛ አይደለም። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን።